የዱቄት ብረት ዕቃዎች ከምድጃ በኋላ

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ «ቦኮላ» ብለው ከሚያቀብሏችሁ፣ ዘንግ ውስጣቸው ከሚሽከረከርባቸው ቀለበቶች ብዙዎቹ ቀልጠው የተፈሰሱ አይደሉም። የነሐስ ዱቄት በሞልድ ተጠቅጥቆ፣ ሳይቀልጥ በምድጃ ተጋግሮ የተሠራ ነው። ቅይጡ በተለምዶ 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ቆርቆሮ (ቲን) ነው። ከምድጃ ሲወጣ ግን ገና አላለቀም። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚዞረው በእነሱ ላይ ነው።

ከተማዋ ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት፣ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ሰዉ ግን ዛሬም «ፖሊ» ነው የሚለው።

ዋናው ሥራ ዘይት ማጠጣት ነው። ቦኮላው አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ይገባና ዘይት ይለቀቅበታል። ባዶዎቹ ቀዳዳዎች ስበው ይጠጡታል። ከይዘቱ 20 በመቶ ያህሉ ዘይት ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ሲሽከረከር ሙቀቱ ዘይቱን ያወጣዋል፤ ሲቆም ተመልሶ ይሰርጋል። የመኪና ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ቦኮላ ግራሶ ሳይነካው ለዓመታት የሚሠራው ለዚህ ነው።

ደርቆ የመጣ ቦኮላ በእጅም ይጠጣል። አንዱን አፍ በአውራ ጣት ይደፍኑታል። ውስጡን በሞተር ዘይት ሞልተው፣ በሌላው አውራ ጣት ከላይ ጫን ይላሉ። የውጭ ግድግዳው ላይ ዘይቱ እንደ ላብ ችፍ ካለ ጠጥቷል። አንድ ቀን መዘፍዘፍም ያው ነው። ዘይቱ ለብ ቢል ቶሎ ይገባል።

ልክ ማስያዝ ላይ ፋብሪካዎች ዕቃውን እንደገና በሞልድ ይጫኑታል። ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ማስፋት የግድ ከሆነ መቁረጫው የተሳለ ይሁን። የደነዘዘው ቀዳዳዎቹን ይለስናቸዋል፤ ዘይቱ መውጫ ያጣል።

የብረት ዱቄት ዕቃ ደግሞ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በእንፋሎት ይታከማል። ቀዳዳዎቹን ጥቁር ሽፋን ይለብጣቸዋል፤ ዝገትን ይከላከላል፣ ያጠነክራልም። መዳብ ማስጠጣትም አለ። መዳብ በ1083 ዲግሪ ሲቀልጥ ብረቱ ገና ጠጣር ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ ይስቡታል። በኤሌክትሪክ ሌላ ብረት ለመለበጥ አስቀድሞ ቀዳዳውን መድፈን ይሻላል።

እጥበት ላይ ብዙ ዕቃ ይበላሻል። ሞተሪኖ ሲፈታ ሁሉንም ቤንዚን ውስጥ መንከር የተለመደ ነው። ቦኮላውን ግን ቤንዚን የጠጣውን ዘይት ያስተፋዋል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።