ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ

በኢትዮጵያ ሥልጣን መጀመሪያ የወረደው ከማዕከል ወደ ክልል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ወረዳ በጀት መያዝ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። ያኔ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ክልሎች «ብሎክ ግራንት» የሚባለውን ጥቅል ድጎማ ለወረዳዎች መስጠት ጀመሩ፤ ብዙ የዞን ሠራተኞችም ወደ ወረዳ ተመደቡ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያጸድቀው ቀመር ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ የክልሉን ድርሻ ይወስናል። ክልሉ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ የወረዳው ምክር ቤት ለየጽሕፈት ቤቱ ደልድሎ ያጸድቃል። በሕግ ደረጃ ድልድሉ የወረዳው ነው። በተግባር ግን የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ አብዛኛውን ይወስደውና ምክር ቤቱ በእውነት የሚወስንበት ገንዘብ ጥቂት ይሆናል። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው።

የገቢ ዕቅዱ ደግሞ ያባብሰዋል። በብዙ ቦታ ወረዳው ይሰበስበዋል ተብሎ የታቀደው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ከድጎማው ተቀንሶ ነው ቀሪው የሚላከው። ዝናብ ተዛብቶ ግብሩ ሳይገባ ከቀረ ደመወዝ አይነካምና ጉድለቱ ሥራ ማስኬጃው ላይ ያርፋል፦ ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ የጽሕፈት መሣሪያ። ሞተር ብስክሌቱ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይከርማል፤ ባለሙያውም ራቅ ያለውን ቀበሌ ሳያይ ወራት ያልፋሉ።

የጊዜ አቆጣጠሩም ለገጠር ግንባታ አይመችም። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ክረምቱ ገብቷል፣ መንገድ ጭቃ ነው። ጨረታ ጥርና የካቲት ላይ ከወጣ ሥራው ሳያልቅ ሰኔ 30 ይደርሳል። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን በሰኔ የሚደረገው የግዥ ሩጫ ጥራትን ይጎዳል።

ተጠሪነትም ድርብ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚጠየቀው በወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ የማዳበሪያና የዘር ዕቅዱ ግን ከላይ በኮታ ይወርድለታል። ሕዝቡ ለምክር ቤቱ ያቀረበው ጥያቄ ከኮታው ጋር ሲጋጭ አብዛኛውን ጊዜ ኮታው ያሸንፋል።

የኅብረተሰብ ተሳትፎ የበጀቱን ክፍተት ብዙ ቦታ ሞልቷል። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ ጉልበትና ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት ይሠራል። ሕንፃው ባለቀ ማግስት ግን የመምህራን ደመወዝ፣ መጽሐፍና ወንበር ይጠየቃል፤ ለዚህ የሚሆን መደበኛ በጀት ቀድሞ ካልተያዘ አዲሱ ክፍል ተቆልፎ ይቆያል፣ ወይም ከጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር ይነሳለታል።