ፕሌይሃውስ ስኩዌር፦ ጎዳናቸውን የቀሰቀሱ ቴአትር ቤቶች

ፕሌይሃውስ ስኩዌር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ እምብርት የሚገኝ የቴአትር ቤቶች ሰፈር ነው። ስቴት፣ ኦሃዮ፣ ሃና፣ አለን እና ፓላስ የተባሉት አምስቱ ነባር አዳራሾች እ.ኤ.አ. በ1921 እና በ1922 ተራ በተራ ተከፈቱ። ዛሬ ከኒው ዮርክ ውጭ በአገሪቱ ትልቁ የመድረክ ጥበባት ማዕከል ይባላል።

በመሀሉ ግን ክፉ ቀን አልፎበታል። ቴሌቪዥን ሳሎን ድረስ ገባ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ፈለሰ። የጎዳና ባቡሩም በ1954 ቀረ። በ1968 እና በ1969 ከሃና በቀር አራቱም በራቸውን ዘጉ። አዳራሽ ሲዘጋ የሚቀረው ትርኢቱ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ደርሶ እራት የሚበላው፣ ሲወጣ አንድ ብርጭቆ ካላልኩ የሚለውም አብሮ ይቀራል። ከዚያ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። ማታ ሰው የማይታይበት መንገድ ያስፈራል፤ ሲያስፈራ ደግሞ የቀረውም ሰው ይሸሸዋል።

በ1970 ሬይ ሼፐርድሰን የተባለ የትምህርት ቦርድ ሠራተኛ የመሰብሰቢያ ቦታ ሲያፈላልግ ስቴትን አየና ልቡ እዚያው ቀረ። በ1972 ስቴትንና ኦሃዮን አፍርሶ መኪና ማቆሚያ የማድረግ ዕቅድ መጣ። ሰው በሸሸው ሰፈር ማን መጥቶ መኪናውን እንደሚያቆም እንጃ!

ማፍረሱን ለማስቆም የተደረገው ነገር ብልህነት ነበረው። ዋናው አዳራሽ እስኪታደስ አልተጠበቀም። የስቴት ሎቢ ርዝመቱ መቶ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ግድግዳው በጄምስ ዶኸርቲ ሥዕሎች ያጌጠ ነው። በ1973 እዚያው ሎቢው ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሮ አንድ አነስተኛ የሙዚቃ ትርኢት ተጀመረ። ሦስት ሳምንት ይቆያል ተብሎ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይ ዘለቀ። ሰው ማታ ማታ ወደ መሀል ከተማ እንደሚመጣ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም።

ኦሃዮ በ1982፣ ስቴት በ1984፣ ፓላስ በ1988 እንደገና ተከፈቱ። አዳራሾቹን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ግን ትኬት በመሸጥ ብቻ አልተወሰነም። በዙሪያው ሕንፃዎችን ያዘ፣ ሆቴልም አስገነባ። በእኔ አስተያየት ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ትርኢት ሰዓት አለው፤ ሰዉን ጠርቶ፣ አዝናንቶ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሸኛል። መንገዱ ጠዋትም ሰው እንዲያይ እዚያው የሚሠራና የሚያድር ያስፈልገዋል።

በ2014 ዩክሊድ ጎዳና ከ14ኛው ምሥራቅ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከአስፋልቱ በላይ፣ ስድስት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ከ4,000 በላይ ፈርጦች ያሉት የመብራት ጌጥ ተሰቀለ። ለፎቶ የሚስተካከለው የለም። ለጎዳናው ዕለታዊ ኑሮ ግን በ2020 እዚያው የተከፈተው ሉመን የተባለው ባለ 34 ፎቅ ሕንፃ ይበልጣል፤ 318 አፓርታማዎች አሉት።