ስለ ማሊዎች ስንጸልይ የምንስታቸው ነገሮች

ማክሰኞ ማታ በጸሎት ቡድናችን ለእያንዳንዳችን የሕዝብ ስም የተጻፈበት ወረቀት ታደለ። «ማሊ» የሚለው የደረሳቸው አንዲት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጌታ ሆይ፣ በዚያ በረሃ ላይ ዝናብህን አውርድ» ብለው ጀመሩ። ሁላችንም አሜን አልን። ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን የሚያወራው ስለ ህንድ አትክልተኞች ነበር።

«ማሊዎች የምዕራብ አፍሪካዋ ማሊ ሰዎች ናቸው»

አይደሉም። ከባማኮም ሆነ ከደቡብ ኦሞዎቹ ማሌዎች ጋር ስም ከመመሳሰል በቀር ዝምድና የላቸውም። «ማላ» በሳንስክሪት የአበባ ጉንጉን ነው፤ ማሊ ደግሞ ጉንጉን ሠሪው፣ አትክልተኛው። በራጃስታን፣ በማሃራሽትራ፣ በኦዲሻና በቤንጋል ይኖራሉ።

«ተራ አበባ ሻጮች ናቸው»

ያለ አበባ የሂንዱ አምልኮ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቤተ መቅደሱ፣ ለሙሽራው፣ ለአስከሬኑም ጉንጉን ያስፈልጋል። ከሩቅ አደይ የሚመስለው ደማቅ ቢጫ አበባ በመርፌና በክር ይሰካል። (አበባው ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው።) በቤንጋል ያሉት ጉንጉን ሠሪዎች ሾላ ከሚባል የረግረግ ተክል ነጭ ልብ የሙሽራውን ዘውድ ይቀርጻሉ። ከዘመናዊው ክትባት በፊት ደግሞ ከመካከላቸው ሺታላ የተባለችውን አምላክ እያወደሱ ቆዳ ጭረው ፈንጣጣ የሚከትቡ ነበሩ። ጣዖት አምልኮ ብለን በአንድ ቃል ስንዘጋው ይህ ሁሉ እውቀት ይጠፋብናል።

«የሚያነቃቸው ሰው የሚጠብቁ ናቸው»

ይህኛው በጣም ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1827 የተወለደው ጆቲራኦ ፉሌ በማሃራሽትራ ያለችው የፑኔ ከተማ ማሊ ነበር፤ ቤተሰቡ ለፔሽዋ ገዢዎች አበባ ያቀርብ ስለነበር «ፉል» ማለትም አበባ ከሚለው ቃል ስሙን አገኘ። በስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1848 ከባለቤቱ ከሳቪትሪባይ ጋር ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ልታስተምር ስትሄድ ጭቃና እበት ይወረውሩባት ስለነበር ትርፍ ልብስ ይዛ ትወጣ እንደነበር ይነገራል። በ1897 የወረርሽኝ ሕመምተኞችን ስታስታምም በዚያው በሽታ ሞተች። ባሏ ሚሲዮናውያኑን ቢያከብርም ክርስቲያን አልሆነም፤ በ1873 የእውነት ፈላጊዎች ማኅበርን መሠረተ።

«ክርስትና ለህንድ አዲስ ነው»

በደቡብ ህንድ ያለችው የኬራላ ክፍለ ግዛት ክርስቲያኖች አጀማመራቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ይቆጥራሉ። በንጉሡ ዘመን በየአውራጃው ያስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያው ነበሩ።

«ስም እየጠራን ብንጸልይ ጉዳት የለውም»

እግዚአብሔር ዘንድ የለውም፤ ወረቀት ላይ ግን አለው። ኦዲሻ በማስገደድ ወይም በማባበል ሃይማኖት ማስለወጥን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1967 ነው፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋል። የአዲስ አማኝን ስምና መንደር ማሰራጨት ሰውየውን ለጎረቤቶቹ ቁጣ ማጋለጥ ይሆናል። ስለ አትክልቱ ዋጋ፣ ስለ ሴት ልጆቻቸው ትምህርት፣ ክርስቶስን ስለማወቃቸው ለመጸለይ ግን የማንም አድራሻ አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እኚያው እናት ተራቸው ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ለመግደላዊት ማርያም የአትክልት ጠባቂ የመሰልሃት ጌታ ሆይ» ብለው ጀመሩ።