ማሽላ እያረረ ይስቃል

ውስጡ እየተቃጠለ ፊቱን ለሚያበራ ሰው የምንለው ነው። ልጁ ታሞበት ከባልንጀሮቹ ጋር የሚጫወት አባት፣ ሐዘኗን ሆዷ ውስጥ ቀብራ እንግዳ በፈገግታ የምትቀበል እናት ሲያይ፣ ጉዳቸውን የሚያውቅ ሰው «ማሽላ እያረረ ይስቃል» ይላል። ስድብ አይደለም። ከሳቅህ በስተጀርባ ያለው ታይቶኛል ማለት ነው።

አባባሉ የተወለደው ምጣድ ላይ ነው። ደረቅ ማሽላ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀስ በቀስ ልባሱ ይጠቁራል። በፍሬው ውስጥ የቀረችው ጥቂት እርጥበት እንፋሎት ሆና መውጫ ስታጣ፣ ጠንካራውን ልባስ ጣ አድርጋ ትሰነጥቀዋለች፤ ነጩም ወደ ውጭ ይገለበጣል። ከጠቆረ ከንፈር መሀል ነጭ ጥርስ ብቅ አለ ማለት ነው። «አረረ» የሚለውን ግስ ደግሞ ለእህልም ለአንጀትም እኩል እንጠቀምበታለን፤ «አንጀቴ አረረ» የሚል ሰው ምጣዱን ደረቱ ውስጥ ይዞታል።

በቆሎም ይፈነዳል፤ ነገር ግን በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ማሽላ እዚሁ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ከሰው ጋር የኖረ እህል ነው፤ እኔ እንደማምነው ሳቁ የተሰጠው ገና ማሳው ላይ ሰው ስለሚመስል ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ፍሬው የሚሰበሰብበትን ጫፍ ራስ እንለዋለን። ራሱ ከብዶት የጎበጠውን አንገቱን ደፋ እንላለን። ራስና አንገት ያለው ፍጡር ቢስቅ ምን ይገርማል?

የዕፅዋት ሳይንስም ለአበባ ዘንግ የሰውነት ስም አውጥቷል፤ የመረጠው ብልት ግን ሌላ ነው። እኛ አንገት የምንለውን፣ ከመጨረሻው ቅጠል በላይ ራሱን የሚሸከመውን ዘንግ፣ ፔደንክል ይለዋል፤ በላቲን «ትንሽ እግር» ነው። በራሱ መሀል ሽቅብ የሚያልፈው ዘንግ ራኪስ ሲባል ትርጉሙ በግሪክ የጀርባ አጥንት ነው። ትንንሾቹን አበቦች የሚይዘው ቀጭን ጭራ ደግሞ ፔዲሴል ይባላል፤ እርሱም ያው ትንሽ እግር ነው።

የማሽላ ራስ ስታገኙ አንዷን ቅርንጫፍ ገንጥላችሁ በቅርብ እዩአት። ትንንሾቹ አበቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። አንዷ እግር አላት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አትይዝም። ሌላዋ እግር የላትም፤ በቀጥታ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቃለች። የምታሸተው፣ በኋላም ምጣድ ላይ አርራ የምትስቀው ይህችኛዋ ናት።