ኮምቡቻ በአዳማ ሙቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቡቻ ስኳር የገባበት ሻይ ተብላልቶ የሚወጣ ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ነው። አዳማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የጠላና የጠጅ ልማድ ሳይለወጥ ሻዩ ላይ ይሠራበታል፣ ወይ ለቀዝቃዛ አገር ኩሽና የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ይወሰዳል።

መነሻ መጠኑ ይህ ነው፤ ለ1 ሊትር ውሃ 70 ግራም ስኳር (ከ5 እስከ 6 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ)፣ 6 ግራም ጥቁር የሻይ ቅጠል እና 150 ሚሊ ሊትር ቀድሞ የጎመዘዘ ኮምቡቻ። ቅጠሉ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠለላል፣ ስኳሩ በትኩሱ ይሟሟል። ኮምቡቻው የሚጨመረው ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ትኩስ ሻይ እርሾውን ይገድለዋል።

«ዋናው ነገር ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ሽፋን ነው»

አይደለም። ያ ወፍራም ነጭ ሽፋን ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ሴሉሎስ ነው። ሥራውን የሚያስጀምሩት እርሾና ባክቴሪያ በብዛት ያሉት ፈሳሹ ውስጥ ነው። ሽፋን ብቻ በፌስታል ተሰጥቷችሁ ፈሳሽ ከሌለው አትጀምሩ። ለዚህ አጥብቀን የምንከራከርበት ምክንያት አለን፤ አዲስ የተፈላ ሻይ አሲድነቱ አነስተኛ ስለሆነ ለሻጋታ ይመቻል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት የሚጠብቀውም የጨመራችሁት ጎምዛዛ ፈሳሽ ብቻ ነው። ፒኤች ወረቀት (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ካላችሁ ገና ሲጠመቅ ከ4.5 በታች ማሳየት አለበት። ካልወረደ ኮምቡቻ ጨምሩበት፤ ከሌለ ነጭ አቼቶ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ለኩት። ፈሳሽ ከተገኘ ግን ሽፋን ባይኖርም ችግር የለውም፣ በአንድ ሁለት ሳምንት አዲስ ይሠራል።

የእንጀራ እርሾ ወይም ጌሾም አይተካውም። የሊጥ እርሾ የያዘው ሌላ የተሕዋስያን ማኅበር ነው፤ ሻዩን ያብላላዋል እንጂ ኮምቡቻ አያደርገውም። ጌሾ ደግሞ መራራ ጣዕሙን ይዞ ይገባል።

«እንደ ጠላ ጋን ጥብቅ ተደርጎ ይታፈን»

ጠላ ተመርጎ ይቀመጣል፤ ኮምቡቻ ግን አየር ይፈልጋል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጣል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ያንን አልኮል ወደ አሲድ የሚለውጠው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ከታፈነ አልኮሉ ይከማቻል፣ ጉምዛዜው ይዘገያል። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ማሰሮ ምረጡና ድርብ አቡጀዲ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። የሚለበሰው ነጠላ አይበቃም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ትንንሾቹ የፍራፍሬ ዝንቦች አልፈውት ይገባሉ፣ እንቁላልም ይጥሉበታል። ማሰሮውን በወይራ ማጠንም አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ብርጭቆ ያልነው ለውበት አይደለም። አሲዱ ከብረትና ከተለበጠ (የሚያብረቀርቅ ቅብ ካለው) ሸክላ ነገር ያሟሟል። አውስትራሊያ ውስጥ በተለበጠ ሸክላ የተጠመቀ ኮምቡቻ በጠጡ ሰዎች ላይ የእርሳስ መመረዝ መድረሱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

«ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ ሳይሞላ አይነካም»

ይህ ቁጥር የተቀመረው ቤታቸው 22 ዲግሪ ገደማ ለሆነ ሰዎች ነው። አዳማ ላይ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል፤ በዚህ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ቀን ሊደርስ ይችላል። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ በንጹህ ማንኪያ እየቀመሳችሁ ጣፋጩና ጎምዛዛው ሲመጣጠን አቁሙት። በፒኤች ከ3.5 እስከ 2.8 ጥሩ ነው፤ ከ2.5 በታች ከወረደ አትጠጡት፣ ለሚቀጥለው ዙር ማስጀመሪያ አስቀምጡት። ማሰሮውን ፍሪጅ አናት ላይ አታኑሩ፤ ፀሐይ የማያገኘው ውስጠኛ ክፍል፣ ወለል አካባቢ፣ ይሻላል።

«ውሃው ከፈላ ሁሉም ነገር ይወጣል»

ክሎሪን ይወጣል፤ ክዳኑን ከፍቶ 10 ደቂቃ ማፍላት ለዚህ ጥሩ ነው። ፍሎራይድ ግን አይወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን በአካባቢው ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የሻይ ቅጠልም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ከጉድጓድ ይልቅ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ ተጠቀሙ።

«ቅመም ያለው ሻይ የበለጠ ይጣፍጣል»

ይጣፍጣል፣ ግን ጊዜው ገና ነው። የቅርንፉድና የቀረፋ ዘይት ተሕዋስያንን ያዳክማል። መጀመሪያ እንደ ውሽውሽ ባለ ጥቁር ሻይ ብቻ ጥመቁ፤ ቅመሙ መጠጡ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ይጨመራል።

«ስኳር ቢቀነስ ለስኳር በሽተኛ ይሆናል»

ስኳሩ የእርሾው ምግብ ነው። ከ50 ግራም በታች ሲወርድ አሲዱ በደንብ አይመጣም፣ ካሎሪ የሌለው ማጣፈጫ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ሲደርስም የተረፈ ስኳር አለበት፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ጣፋጭ መጠጥ ይቁጠረው።

«ሻጋታውን ገፎ መጠጣት ይቻላል»

በፍጹም። ከላይ የሚታየው ደረቅ፣ ጸጉራም፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ወይም ነጭ ክብ ነገር ከሆነ ፈሳሹም ሽፋኑም ይጣል፣ ማሰሮው በፈላ ውሃ ይታጠብ። ከሥር የተንጠለጠለ ቡናማ ክር ግን እርሾ ነው፤ አያስደነግጥም።

«መድኃኒት ነው፤ አልኮልም የለውም»

በሰው ላይ በሚገባ ተፈትኖ በሽታ ማዳኑ የተረጋገጠበት ነገር የለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1995 ለጤነኛ ሰው በቀን 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ጉዳት ላያመጣ ይችላል ብሏል፤ በዚያ መጠን መጀመር ብልህነት ነው። አልኮሉን በተመለከተ፣ በቤት የተጠመቀ ኮምቡቻ ከ0.5 በመቶ አልፎ እስከ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው፣ እንዲሁም በሃይማኖቱ አልኮል ለማይቀምስ ሰው አታቅርቡት።

አልኮሉም ጋዙም የሚያይለው ጠርሙስ ውስጥ ሲታሸግ ነው። የማንጎ ወይም የዝንጅብል ጭማቂ ከጨመራችሁ በሊትር ከ50 ሚሊ ሊትር አትለፉ፣ ጠርሙሱንም ከላይ አራት ጣት ያህል አጉድሉት። ከብርጭቆው ጎን አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው መጠን ሙሉ፤ እሱ ሲጫን አልሰረጉድ ካለ ብርጭቆዎቹም ደርሰዋልና ሁሉንም ወዲያው ፍሪጅ አስገቡ። በአዳማ ሙቀት ይህ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ውጭ የተረሳ ብርጭቆ ሊፈነዳ ይችላል።