ቀበሌ በአዲስ አበባ፦ ከትርፍ ቤት አዋጅ እስከ ወረዳ

ቀበሌ በአዲስ አበባ አስተዳደር ውስጥ ለነዋሪው ደጅ በጣም የቀረበው እርከን ነበር። ከ1967 በፊት ከተማዋ በማዘጋጃ ቤት ትተዳደር ነበር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት፣ ማለትም ባለቤቱ ከሚኖርበት ሌላ ያለው ቤት፣ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ዝቅተኛ ኪራይም ተቀነሰ። ከአከራይ አከራይ ሲንከራተት የኖረ ድሃ የሚያስወጣው የሌለበት ጣራ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቀበሌ ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ነው። ኩሽናውና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ቡና ሲፈላ ግቢው በሙሉ ይጠራል። ኪራዩ ለዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቆይቶ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ መጣ። ቤቶቹ ያረጁት በአዋጁ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጥገና እጦት ነው ይላሉ። በዚያ ኪራይ ግን ቤት ማደስ አይቻልም።

የቀበሌ ሥራ ቤት ማከራየት ብቻ አልነበረም። መታወቂያ ይሰጥ፣ በፍርድ ሸንጎው የጎረቤት ጠብ ይዳኝ፣ በኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና በኮታ ያከፋፍል ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ታጥቀው ወጣቶችን ከቤታቸው ወሰዱ። ጽሕፈት ቤቱም እስር ቤት ሆነ። ይህን የማይረሱ እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ።

በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ከሥራቸውም ቀበሌዎች ተደራጁ። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ግን አስተዳደሩን አልተረከበም። በ1998 ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ።

በኋላ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ መጣ። የመሀል ከተማ የቀበሌ ቤቶችም በመልሶ ማልማት ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ወይም ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ሄዷል። ያላገባ ማስረጃ ለማውጣት ከጠዋት ወረዳ ደጅ የተሰለፈ ሰው ግን ስልኩን አንስቶ «ቀበሌ ነኝ» ይላል።