«እኔ ዘጠኝ ቁጥር ነኝ»፦ ስለ ኤኒያግራም የሚባለውና እውነታው

ኤኒያግራም የሰውን ጠባይ ዘጠኝ ቦታ ከፍሎ የሚያይ ዘዴ ነው። ክብ ይሠራና ከአንድ እስከ ዘጠኝ የተቆጠሩ ነጥቦች ይደረጉበታል፤ በነጥቦቹ መካከል መስመር ይዘረጋል። አንድ ቁጥር ሁሉ ነገር ልክ ካልሆነ ዕረፍት የማያገኝ ሰው ነው። ሁለት ካልረዳሁ አልወደድም የሚል፣ ሦስት ራሱን በውጤቱ የሚለካ፣ አራት ለሌላው ተሰጥቶ ለእኔ የተነፈገ ነገር አለ ብሎ የሚቆዝም፣ አምስት ጊዜውንና ጉልበቱን ቆጥቦ ከዳር ሆኖ የሚያይ፣ ስድስት አደጋውን ሳይመጣ የሚያሸት፣ ሰባት ሕመም ሲቀርበው ወደሚቀጥለው ደስታ የሚሸሽ፣ ስምንት ደካማ ሆኖ መታየትን የማይችል፣ ዘጠኝ ደግሞ ጠብ ከሚነሳ የራሱን ፍላጎት የሚውጥ።

ራስን ለመመርመር ይጠቅማል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሰዎች ስለ ኤኒያግራም ከሚያምኑት ውስጥ ብዙው ግን ምርመራውን ገና ሳይጀመር የሚያስቆም ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከባቢሎን ጀምሮ የወረደ ጥንታዊ ጥበብ ነው»

ባቢሎን የሚል አለ፣ ሱፊዎች የሚል አለ፣ ፓይታጎረስ የሚልም አለ። ማስረጃ የሚያመጣ ግን የለም። ምልክቱን ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀው ዛሬ አርመን ውስጥ ባለችው ግዩምሪ የተወለደው መንፈሳዊ አስተማሪ ጆርጅ ጉርጂየፍ ነው። በ1916 አካባቢ ሩሲያ ውስጥ ሲያስተምር ክቡንና መስመሮቹን የዓለምን አሠራር ለማስረዳት ተጠቀመባቸው እንጂ ሰው አልፈረጀባቸውም። ዘጠኝ ዓይነት ሰው የሚባል ነገር በእሱ ትምህርት ውስጥ የለም።

ጠባዮቹን ነጥቦቹ ላይ ያስቀመጠው የቦሊቪያ ተወላጁ ኦስካር ኢቻሶ ነው። በ1970 ከአሜሪካ የሄዱ ሰዎች ከእሱ ለመማር በሰሜን ቺሊዋ የወደብ ከተማ በአሪካ ወራት ተቀመጡ። አብሯቸው የነበረው ቺሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ የሰማውን ከሥነ ልቦና ዕውቀቱ ጋር አዋሕዶ፣ ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ ለትንንሽ ቡድኖች ማስተማር ጀመረ። ከዚያ የተማረ አንድ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ቺካጎ ወሰደው፤ ማስታወሻው በካህናትና በመነኮሳት መካከል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጻሕፍት መታተም የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናውቀው ኤኒያግራም በዕድሜ ከብዙዎቻችን ወላጆች አይበልጥም።

ጥንታዊ የሆነ ነገር የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ፣ ሰውን የሚፈታተኑትን ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ቆጥሯቸዋል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ መሰልቸት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት። ዝርዝሩ በሮም ቤተ ክርስቲያን ተለዋውጦ ሰባት ሆነ። ኤኒያግራም ለየቁጥሩ የሚሰጠው ክፉ ዝንባሌ እነዚያው ሰባቱ ናቸው፤ ፍርሃትና ማታለል ተጨምረው ዘጠኝ ሞሉ። ከመጻሕፍተ መነኮሳት የማር ይስሐቅን ወይም የአረጋዊ መንፈሳዊን ትርጓሜ የሰማ ሰው «ይህ ሐሳብ ከየት መጣብኝ? ወዴትስ ይወስደኛል?» ብሎ መጠየቅ አዲስ አይሆንበትም። ልማዱ የቆየ ነው። ክቡ ላይ የተጻፈው ዘጠኝ ዓይነት ሰው ግን የትናንት ሥራ ስለሆነ እንደ ማንኛውም የትናንት ሥራ ሊመረመር ይገባዋል።

«በስልኬ ሞላሁትና አራት ወጣልኝ»

መጠይቅ በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ድርጊት ነው። ኤኒያግራም የሚፈልገው ደግሞ ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን ነው።

ለቅሶ ቤት ልውሰዳችሁ። ጎረቤት ሞቶ አራት ሴቶች እንጀራና ወጥ ይዘው መጡ። አንዷን ያስነሳት «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» መባልን መናፈቋ ነው፤ ሁለት ቁጥር ልትሆን ትችላለች። ሌላዋ የመጣችው ወጉ ስለሆነ ነው፣ ባዶ እጇን የመጣችውንም በዓይኗ ትቆጥራለች፤ አንድ ትመስላለች። ሦስተኛዋ «ነገ በእኔ ሲደርስ ማን ይቆምልኛል» የሚል ስጋት ገፍቷት ነው፤ ስድስት። አራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ መተኛት ነበር ያማራት፤ «ለምን ቀረች» የሚል ወሬ ከሚነሳ ብላ መጣች፤ ዘጠኝ። ከውጭ ለሚያይ አራቱም ያደረጉት አንድ ነው። መጠይቁ «ሰው ሲቸገር ትደርሻለሽ?» ቢላቸው አራቱም «እንዴታ» ብለው ይሞላሉ፣ አራቱም ሁለት ይወጣላቸዋል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። እንግዳን «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ፣ ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለት፣ የማይፈልጉትን ነገር ፊት ለፊት አልፈልግም አለማለት ያደግንበት ነው እንጂ የየግል ጠባያችን መገለጫ አይደለም። መጠይቆቹ የተዘጋጁት ግን በብዛት ፍላጎትን አፍ አውጥቶ መናገር ነውር በማይሆንበት አገር ነው። የእኛ ሰው በቅን ልብ ሞልቶ ሁለት ወይም ዘጠኝ ቢወጣለት፣ የወጣለት ያሳደገው ሰፈር ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከመጠይቁ የሚሻለው ራስን አንድ ነገር መጠየቅ ነው፦ ይህን ባላደርገው ምን ይሰማኛል? ጥፋተኝነት ነው? ፍርሃት ነው? ሰው ይረሳኛል የሚል ስጋት ነው? መልሱ በአንድ ቁጭታ አይመጣም፤ በአንድ ቁጭታ የመጣውን መጠርጠር ይሻላል።

«ወይኔ፣ ቁርጥ እኔን!» የሚለው ስሜትም ማስረጃ አይደለም። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር 39 ተማሪዎቹን መጠይቅ አስሞላና ለየአንዳንዳቸው የጠባያቸውን መግለጫ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡት ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የሰጣቸው ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። የኤኒያግራም አስተማሪዎች የሚሉት አንድ ነገር እዚህ ላይ ደስ ይለኛል፦ እውነተኛው ቁጥራችሁን ስታነቡ ከመደሰት ይልቅ ማፈር ነው የሚቀናችሁ።

«ስምንት መሪ ነው፣ ሦስት ስኬታማ ነው፣ ዘጠኝ ደካማ ነው»

የለም፤ በቁጥሮቹ መካከል ብልጫ የለም። ሦስትን እንደ ሽልማት የሚያቀርቡ ሥልጠናዎች የዚያ ቁጥር ድካም ማታለል መሆኑን፣ ከሁሉም በፊት ራስን ማታለል መሆኑን፣ ዘለው ያልፉታል።

«ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ»

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። «ስምንት ስለሆንኩ ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ ያልወደደ ይተወኝ» የሚል ሰው አገኘሁት ያለውን መሣሪያ ለሰበብ አውሎታል። «አመል ያወጣል ከመሐል» ያሉት አባቶቻችን ለአመል ይቅርታ አልጠየቁለትም። ቁጥሩ የሚነግረን ሳናስብ የምናደርገውን ነው፤ ሳናስብ የምናደርገው ነገር አንዴ ከታወቀ ደግሞ ሊያዝ ይችላል።

አንድ ቁጥር የሆነ አባት አስቡ። ልጁ ከ10 ዘጠኝ አምጥቶ እየሮጠ ሲመጣ፣ የአባት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የቀረችው አንዷ ላይ ነው። ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ ዓይኑ ስሕተት መልቀም ስለለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ከእንግዲህ አላርምም» ብሎ ቢምል እስከ ማግስቱም አይዘልቅ። የሚያዋጣው የገዛ ሰውነቱን መከታተል ነው፦ መንጋጋው ሲጠብቅ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ «ቆይ እስቲ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ። መጀመሪያ የሚነቃው ማታ ነው፤ ልጁ አኩርፎ ከተኛ በኋላ። ቀጥሎ እየተናገረ ሳለ ይነቃል። ከዚያ አንዳንድ ቀን ከመናገሩ በፊት ይነቃና «ዘጠኙን እንዴት ሠራሃቸው?» ይላል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ዛሬም መጀመሪያ ያያት የቀረችዋን አንዷን ነው።

ለሌሎቹም መንገዱ ያው ነው፤ የሚጠበቀው ቅጽበት ግን ይለያያል። «የት እንብላ?» ሲባል «የትም» የሚለው ዘጠኝ፣ ከመመለሱ በፊት በእርግጥ ያማረውን ለመስማት ትንሽ ዝም ማለትን ይለማመዳል። ሰባት አንዱን ዕቅድ ሳይጨርስ ሌላውን ሲጀምር ከምን እየሸሸ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለት ያልተጠየቀውን እርዳታ ይዞ ከመሄዱ በፊት «ባይመሰገንስ እሄዳለሁ?» ይላል። የሚጻፍ ከሆነ ማታ ማታ ሁለት መስመር ይበቃል፤ ገጽ ሙሉ መጻፍ ራስን ወደ ማድነቅ ይወስዳል።

የመስመሮቹ ነገርም እዚሁ ይነሳል። 1ን ለ7 ስታካፍሉ 0.142857 እየተደጋገመ ይመጣል፤ ከ1 ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ሄዶ ወደ 1 የሚመለሰው መስመር ያንን ቅደም ተከተል ይከተላል። 3፣ 6 እና 9 በሦስት ማዕዘን ለብቻቸው ይያያዛሉ። 1 ቁጥር የሆነ ሰው ሲጨነቅ የአራትን ቁዘማ፣ ሲረጋጋ የሰባትን ቀለል ማለት ያሳያል ይባላል። ሒሳቡ ያምራል። ሰው በዚያ መስመር ላይ ለመመላለሱ ግን ሒሳቡ ምስክር አይሆንም።

«ሳይንስ አረጋግጦታል» — «ኮከብ ቆጠራ ነው»

በሁለቱም ተቸኩሏል። በ2021 ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ላይ የወጣ አንድ ግምገማ 104 ናሙናዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አይቶ ውጤቱ ድብልቅ ነው አለ። አንዳንዶቹ መለኪያዎች ተመራማሪዎች አምስቱ ታላላቅ ከሚሏቸው የጠባይ መለኪያዎች ጋር በሚጠበቀው መንገድ ይገጥማሉ። መልሶቹ በስታቲስቲክስ ሲፈተሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከዘጠኝ ያነሰ ምድብ ነው፤ ስለ መስመሮቹና በክቡ ላይ ግራና ቀኝ ስላሉት ጎረቤት ቁጥሮች ተጽዕኖ የተሠራው ጥናትም ጥቂት ነው። ኮከብ ቆጠራ በበኩሉ የልደት ቀናችሁን ይዞ ይፈርዳል፤ እዚህ ግን ከገዛ ኑሯችሁ ጋር አስተያይታችሁ የማይስማማችሁን መጣል ትችላላችሁ። ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ ማመንጫ ነው፣ የሕመም መመርመሪያ አይደለም። ሳምንታት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው «አራት ስለሆንኩ ነው» ብሎ ከሐኪም መቅረት የለበትም።

«የባለቤቴን ቁጥር አውቄዋለሁ»

የድርጊቱን ምክንያት የሚያውቀው አድራጊው ብቻ ከሆነ የሌላውን ቁጥር ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ ለቅሶ ቤት እንዳየነው። በጭቅጭቅ መካከል «ስድስት ስለሆንሽ ነው የምትጠረጥሪው» ማለት ደግሞ አምሽቶ የገባ ባል ያመሸበትን ሳይናገር ጥያቄውን ወደ ሚስቱ መመለሻ ነው። ሠራተኛ ለመቅጠር ወይም ለማሳደግ መጠቀምም አይገባም፤ ሥራ ፈላጊ የሚሞላው ቀጣሪው የሚወደውን እንጂ የሚያሳፍረውን አይደለም።

«ከሃይማኖት ጋር ይጣላል» — «ራሱ መንፈሳዊነት ነው»

ቫቲካን በ2003 ልዩ ልዩ እምነቶችን ስለሚቀላቅለው «አዲሱ ዘመን» (ኒው ኤጅ) እንቅስቃሴ ባወጣችው ሰነድ ኤኒያግራምን ለመንፈሳዊ ዕድገት መጠቀም በእምነቱ ትምህርትና ኑሮ ላይ ብዥታ ያስገባል ብላለች። ያሰራጩት ግን በከፊል የራሷ ካህናት ነበሩ። ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይመስለኝም፤ ኢቻሶም ጉርጂየፍም የራሳቸው የሆነ የዓለም አተያይ ነበራቸው፣ አንዳንድ አሠልጣኝም ያንን አብሮ ይሸጣል። ጠባይን የመታዘቢያውን ክፍል ለይቶ መውሰድ ይቻላል። የንስሐ አባት ያለው ሰው ያየውን ድካም ይዞ ወደ አባቱ ቢሄድ እንጂ ቁጥሩን ይዞ ቤቱ ቢቀር አልመክርም።

«እውነተኛው፣ ፈቃድ ያለው ኤኒያግራም የእነ እገሌ ነው»

ኢቻሶ የመሠረተው አሪካ ኢንስቲትዩት ሔለን ፓልመር የተባለችን ጸሐፊ በመጽሐፏ ምክንያት ከሷት ነበር። በ1992 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያስቅ ነው፦ ኢቻሶ ራሱ ዘጠኙን ጠባዮች የፈጠርኳቸው ሳይሆኑ ያገኘኋቸው የሰው ተፈጥሮ እውነታዎች ናቸው ሲል ኖሯል፤ ተገኘ የተባለን እውነታ ደግሞ ማንም በቅጂ መብት የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪ የሚባል አካል የለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰርተፍኬት የሚለው አንድ ትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ኮርስ ሰውዬው መጨረሱን ብቻ ነው። ገና ስማችሁን ሳትነግሩት ቁጥራችሁን የሚነግራችሁ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ሳትከፍሉ ውጡ።